ያላደረ መርዶ

በሬ የተንኳኳው ሱብሂ ሰግጄ ገና መስገጃዬን ሳላጥፍ ነው። በዚያ ሰዓት ሆሳዕና ውስጥ የሰው በር የሚያንኳኳ ወይ ወተት የሚያመላልስ ነው ወይ መርዶ ነጋሪ፤ እኔ ደግሞ ወተት አላዘዝኩም። ስከፍት የግራም የቀኝም ጎረቤቶቼ በረንዳው ላይ ቆመዋል። ከፊታቸው ነጠላዋን እስከ ግንባሯ የሳበች ወጣት ሴት አለች። መሠረት ናት፣ የድሮ ተማሪያችን። እሷንና እኔን የሚያገናኘን አንድ ሰው ብቻ ነው።

«ቲቸር ሰዓዳ፣ ይግቡና እንቀመጥ» አለችኝ።

«ታደለች ናት?»

«መጀመሪያ ይቀመጡ።»

ጎረቤቶቼ በሁለት በኩል ያዙኝና አስቀመጡኝ። ከዚያ ነገረችኝ። ቲቸር ታደለች ትናንት ከሰዓት ራሷን ስታ ሆስፒታል ገብታ፣ ማታውን ዐርፋለች። ጮህኩ። ደረቴን ልመታ ስል እጄን ያዙኝ፣ ውሃ አጠጡኝ፣ አብረውኝ አለቀሱ። እንዲህ ሆኖ ነው መርዶ የሚነገረው። ድሮ ይሄ ሁሉ ሰው ለምን ይሰበሰባል ብዬ እነጫነጭ ነበር፤ አሁን እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ አይወጣም።

ግን ካለቀስኩ በኋላ፣ ዓይኔን ጠርጌ ያየሁት መሠረትን ነው። ከዚህ ከተማ ሰው ሁሉ ተለይታ የታደለችን መርዶ እሷ ልታመጣልኝ! ለምን እንደገረመኝ እንዲገባችሁ ታደለችን ማወቅ አለባችሁ።

ታደለች አማርኛ ታስተምር ነበር፤ እኔ ሒሳብ። የዶዮገና ልጅ ናት፣ ቤቷ ውስጥ ከምባትኛ እየተነገረ ያደገች። እኔ የጉራጌ ነጋዴ ልጅ ነኝ፤ አማርኛን ሆሳዕና ላይ ከአባቴ ሱቅ ባንኮኒ ስር ነው የለቀምኩት። ስለዚህ በአነጋገሯ እተርባት ነበር፤ አንዳንዱን ቃል ስትረግጠው ክፍሉ ሁሉ ይስቅ ነበርና። እሷ ግን አፏን በእጇ ሸፍና አብራ ትስቅና፣ «እናንተ አማርኛን በስጦታ ነው ያገኛችሁት፤ እኔ ለፍቼ ነው። ስለዚህ የምሳሳለት እኔ ነኝ» ትለን ነበር። ወላሂ፣ እውነቷን ነው። እኔ የማልሰማውን ስህተት እሷ ትሰማ ነበር።

ችኮ ነበረች፤ ሟች ናት ብዬ ልቀባባት አልችልም። ዝናብ ሲመጣ እሷ ትበሰብሳለች፣ ላፕቶፗ በፌስታል ተጠቅልሎ በጉያዋ ደረቅ ይገባል። ስታስብ የግራ ጆሮዋን ትጎትታለች። አንድ ነገር ከያዘች ደግሞ አትለቅም። ያን ዓመት የያዘችው ነገር ብሎግ ነው።

«ምንድን ነው ደግሞ እሱ?» አልኳት ስታመጣው።

«እያንዳንዱ ልጅ ኢንተርኔት ላይ የራሱ ገጽ ይኖረዋል። ይጽፍበታል፤ ሰው ያነበዋል።»

«አንቺ ታነቢላቸው የለ?»

«እኔ ሳነበው እኮ ለእርማት ነው የሚጽፉት» አለችኝ። «የማያውቁት ልጅ ሲያነበው ለመነበብ ይጽፋሉ። ልዩነቱ አይታይሽም?»

አልታየኝም ነበር። እሷ ግን ጃጁራና አዲሎ ያሉ ሁለት አስተማሪዎችን አሳምና፣ የሦስቱን ትምህርት ቤት ልጆች አንድ ላይ አገናኘቻቸው። «ሪደር» የምትለው ነገር ነበራት፤ የልጆቹን ሁሉ ገጽ አንድ ቦታ የሚሰበስብ። «እንደ ዶዮገና ገበያ አስቢው» አለችኝ፤ «ከየቀበሌው የመጣው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይዘረጋል፣ አንቺ ቤት ለቤት አትዞሪም።» በግራ በኩል የልጆቹ ስም ተደርድሯል። አንዱ አዲስ ነገር ሲጽፍ ስሙ ይደምቃል። ሲነበብ ደግሞ ተመልሶ ይፈዛል። በቃ፣ ይኸው ነው።

አርብ አርብ ከሰዓት የኮምፒውተር ክፍሉን ትይዛለች። መብራት ካለ ፕሮጀክተሩን ትከፍታለች፣ ኔትወርኩን ከራሷ ስልክ ታጋራለች፣ ተረኛው ልጅ ይቆምና ከላይ የደመቀውን ድምፅ አውጥቶ ያነባል። ከዚያ ክፍሉ ለጸሐፊው ጥያቄ ይልካል። «በጣም ጥሩ ነው» ብሎ መላክ ክልክል ነው። «ጥሩነቱን ለእናቱ ተዉላት፣ እናንተ ጠይቁት» ትላለች። የአዲሎ ልጅ መንገድ ዳር ስለሚቆሙ የጭነት መኪና ሾፌሮች ይጽፋል፤ የእኛ ልጆች ሾፌሩ የት አደረ፣ ምን በላ ብለው ያፋጥጡታል። እሱም በሳምንቱ ጠይቆ ይመጣል። እነዚያ ከንፈራቸው ተሰፍቶ የነበሩ ልጆች መናገር ጀመሩ። እኔ ራሴ ሰበብ እየፈለግኩ በር ላይ ቆሜ እሰማ ነበር።

መፈክር ነበራት። «አይደር!» የጻፉትን በዕለቱ እንዲለጥፉት ነው። እሷ አስቀድማ ልታነበው፣ ልትፈቅድ ትችል ነበር፤ አልፈለገችም። «እኔ ከፈቀድኩ ተመልሰው ለእኔ ሊጽፉ ነው። አይደር!» ልጆቹም እየተቀባበሉ «አይደር! አይደር!» ይላሉ። የድሮ ተማሪዎቿን መንገድ ላይ ስታገኝ እንኳ ደህና ነህ ደህና ነሽ የለም። «ጻፍሽ?» ናት ሰላምታዋ።

መሠረት ያኔ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ንባብ የሚያምርባት ነበረች። ድምፅዋ ጥርት ያለ፣ አትቸኩል፣ አትንተባተብ። ቤተሰቦቿ ከጃጁራ የመጡ ናቸው፤ አባቷ ከሞተ ወዲህ እናቷ ጎፈር ሜዳ ሰፈር ቆጮ እየሸጠች ነው ያሳደገቻት። ታላቅ ወንድሟ ደረጀ ደቡብ አፍሪካ ነበር፣ የሰው ሱቅ ውስጥ። እዚህ አገር ደቡብ አፍሪካ ሰው የሌለው ቤት ጥቂት ነው፤ ስልክ ሲጮህ እናቶች ምን እንደሚሆኑ እኔ ልንገራችሁ አልችልም።

ያን ዕለት አርብ ነበር። ታደለች የተዋሰችኝን የመብራት ማከፋፈያ ዲቫይደር ልቀበል ኮምፒውተር ክፍሉ በር ላይ ደርሻለሁ። ተረኛዋ አንባቢ መሠረት ናት። ከስሞቹ ሁሉ በላይ የጃጁራው አማኑኤል ስም ደምቋል። ታደለች ተጫነችው።

«“የጃጁራው ደረጀ”» ብላ መሠረት ርዕሱን አነበበች። ከዚያ ፈገግ አለች። «የወንድሜ ስም!»

ልጆቹ ሳቁ። እሷም ስቃ ቀጠለች። ጽሑፉ ኳስ ስላስተማረው ጎረቤቱ ነው። ግራ እግሩ እንዴት እንደሚመታ፣ ሕፃናቱን በቡድን ሲከፍል ደካማውን አስቀድሞ እንደሚመርጥ፣ የሄደ ዕለት ጫማውን ለአማኑኤል እንደተወለት። መሠረት ፈገግታዋ እየጠፋ፣ ድምፅዋ እየወረደ አነበበች። አሁን ሳስበው፣ ማቆም ነበረባት። ግን ሰው ያን ጊዜ አያቆምም፤ ዓረፍተ ነገሩ የሌላ ሰው ሆኖ እንዲያልቅ ይፈልጋል። «“ትናንት ከደቡብ አፍሪካ ተደወለ። ሱቁ ውስጥ ሌቦች ገብተው ገደሉት። እናቱና እህቱ ሆሳዕና”…»

እዚያ ላይ ነው የቆመችው።

ታደለች መጀመሪያ አልገባትም። «ቀጥይ» አለቻት። አላህ ይቅር ይበላት፣ «ቀጥይ» አለቻት! ከዚያ የልጅቷን ፊት አየችና ፕሮጀክተሩን በእጇ ሸፈነችው። ጽሑፉ እጇ ላይ ሆነ። መሠረት አንዴ ጮኸችና በአጠገቤ አልፋ ሮጠች።

ማን ይደርስባታል? ዩኒፎርሟን እንደለበሰች፣ እየጮኸች ጎፈር ሜዳ ገባች። እናቷ በር ላይ ቆማ ልጇን እንዲያ ሆና ስትመጣ አየቻት። የሚይዛት ሰው በአካባቢው አልነበረም። ወደቀች፤ ክንዷ ተሰበረ።

አማኑኤል ክፉ ልጅ አይደለም። ጃጁራ ሐሙስ ዕለት ሰምቷል፤ ሴቱ ወንዱ እያለቀሰ ነበር። ልጁ ይሄ ሁሉ ሰው እያለቀሰ የሟቹ እናት አልሰማችም ብሎ እንዴት ያስብ? ለካ ሽማግሌዎቹ ተማክረው፣ ቅዳሜ ማለዳ ሆሳዕና ሊደርሱ፣ ጎረቤቱን ቀስቅሰው አብረው ሊገቡ ቀጠሮ ይዘው ነበር። ልጁ እንባው ሳይደርቅ ጻፈ፣ «አይደር» ተብሏልና ለጠፈ። ታደለች ኋላ ላይ እንዲህ ብላኛለች፦ «አማኑኤል እንደዚያ ጥሩ አድርጎ ጽፎ አያውቅም። ባነበብኩት ቁጥር ጥሩ መሆኑ ነው የሚያመኝ።»

ከሣልስቱ በኋላ ሽማግሌዎቹ ትምህርት ቤት መጡ። ዳይሬክተሩ ከሁሉም ቀድሞ ብሎጉ ይዘጋ፣ ልጁም ከጃጁራ ትምህርት ቤት ይባረር ብሎ ጮኸ። ታደለች ተነሣች።

«ብሎጉን ዝጉት። ልጁን ግን አትንኩት። አይደር ያልኩት እኔ ነኝ።»

ከሽማግሌዎቹ መካከል ትልቁ አማርኛውን ቀስ እያሉ እየመረጡ ተናገሩ። «ልጄ፣ እኛ መርዶ ለምን እንደምናሳድር ታውቂያለሽ?»

«ይንገሩኝ።»

«የሞተው ሞቷል፤ እሱን መመለስ አንችልም። እናቱ ግን ያን ማታ እራቷን ትብላ። አንድ ሌሊት የሁለት ልጆች እናት ሆና ትተኛ። ጠዋት ስንነግራት የሚይዛት እጅ ይኑር። እኛ የምንችለው ይቺን ብቻ ናት። እሷን ቀማሽን።»

ታደለች እዚያው ሰው ፊት አለቀሰች። እኔ ደግሞ ደሜ ፈላ። «እሷ ሰው አልገደለች! ሌባ የገደለውን በእሷ ታላክካላችሁ እንዴ?» ብዬ አፌን ከፈትኩት። ታደለች ክንዴን ይዛ «ተይ ሰዓዱ፣ እውነታቸውን ነው» አለችኝ። በማግስቱ ጃጁራ ወርዳ፣ ሰው ፊት መቅረብ ፈርቶ ቤት የተደበቀውን አማኑኤልን በእጇ ይዛ ክፍሉ አስገብታው ተመለሰች። ልጁ ዛሬ ራሱ አስተማሪ ነው።

ለቅሶ ቤቱም ሄደናል። እናትየዋ ክንዷን በጨርቅ አንግባ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጣለች። ታደለች መግቢያው ላይ ስትቀር አይታ፣ «ነይ አጠገቤ ቁጭ በይ። አንቺ አልገደልሽብኝም» አለቻት። እንዲህ ዓይነት ሴት ናት። ታደለች ስትቀመጥ ግን መሠረት ከእናቷ ጎን ተነሣችና ወደ ጓሮ ወጣች። በሄድን ቁጥር ትነሣለች። ስድብ የለ፣ ቁጣ የለ፤ ብቻ ትነሣለች።

ብሎጉ ያን ዓመት ተዘግቶ ከረመ። ሲከፈት አንድ ሕግ ይዞ ተከፈተ። የሞተ ሰው፣ የታመመ ሰው፣ የታሰረ ሰው ጉዳይ ከሆነ «ይደር!» ቤተሰቡ ሰምቷል? ማን ነገረው? አጠገቡ ሰው ነበር? እነዚህ ሳይመለሱ ምንም አይለጠፍም። ያቺ «አይደር» እያለች ትዘል የነበረች ሴት «ይደር» ስትል ድምፅዋ ሌላ ነበር። አዲሶቹ ልጆች ሕጉ ከየት እንደመጣ አያውቁም፤ ብቻ ይጠብቁታል።

መሠረት ወደ ትምህርት ቤት ተመለሰች፤ ክፍሏን ግን አስቀየረች። ከዚያ ወዲህ በማንም አስተማሪ ክፍል ድምፅ አውጥታ አንብባ አታውቅም። እኔ እንኳ የሒሳብ ጥያቄ አንብቢ ስላት ቆማ ዝም አለች። አስቀመጥኳትና ራሴ አነበብኩት። ገጿ ላይም አንድ ፊደል አልጨመረችም።

ታደለች ግን የመሠረትን ስም ከሪደሩ አላወጣችውም። በየዓመቱ የጨረሱት ልጆች ስም ይወጣል፣ የአዳዲሶቹ ይገባል። ያቺ አንዲት ስም እዚያው ፈዛ ትቀመጣለች። ጠዋት አስተማሪዎች ክፍል ስንገባ መጀመሪያ የምታየው እሷን ነው። «ዛሬም አልደመቀችም» ትለኛለች። አንድ ቀን አናደደችኝ።

«ተያት ይቺን ልጅ! ይቅር አልልም ካለች መብቷ ነው። አንቺ ራስሽን መብላት የምትተይው መቼ ነው?»

«ይቅርታዋን አይደለም የምጠብቀው» አለችኝ፣ ጆሮዋን እየጎተተች። «ሰዓዱ፣ እንዴት ታነብ እንደነበር ታስታውሻለሽ። የመጨረሻ ንባቧ ያ እንዲሆን አልፈልግም።»

ከዚያ ወዲህ በአነጋገሯ ተርቤያት አላውቅም።

ዓመታት ሄዱ። መሠረት ነርስ ሆና እዚሁ ሆስፒታል ገባች። ጡረታ እስክወጣ ከታደለች ጋር አብረን ከትምህርት ቤት እንወርድ ነበርና አልፎ አልፎ መንገድ ላይ እናገኛታለን። ባጃጅ ላይ ተሰቅለው የሚያልፉትን ሳይቀር «ጻፍክ?» ብላ የምትጮኸው ታደለች፣ እሷ ዘንድ ስትደርስ አንገቷን ደፍታ «ደህና ነሽ?» ብቻ ትላለች። መሠረትም «ደህና» ትላለች፤ ታልፋለች። ጥላቻ አልነበረም። ምን እንደነበር ግን ዛሬም ልነግራችሁ አልችልም።

እንግዲህ የታደለችን መርዶ ይዛ ሳሎኔ የተቀመጠችው ይቺ መሠረት ናት።

«አንቺ ነበርሽ ተረኛዋ?» አልኳት፣ ትንሽ ሲቀለኝ።

«አዎ። ሲያመጧቸው ራሳቸውን አያውቁም ነበር። እጃቸውን ይዤ መሠረት ነኝ አልኳቸው። ደጋግሜ አልኳቸው።»

«ሰማችሽ?»

ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች፤ ታደለች አልሰማቻትም። ከዚያ ነው እሷም የተሰበረችው። ጎረቤቶቼ እኔን ትተው እሷን ያዙ።

ከተረጋጋች በኋላ ስልኬን አንስቼ አየሁት። የድሮ ተማሪዎች ቴሌግራም ግሩፕ አለ፤ እኔንም ታደለች አስገብታኛለች። ያ ቀኑን ሙሉ ሲንጫጫ የሚውል ግሩፕ ፀጥ ብሏል። ከማታ ወዲህ ያለው አንድ መልእክት ብቻ ነው፣ ከመሠረት የተላከ። «ይደር» ይላል። ከስሩ ምንም የለም። ስንት አገር የተበተኑ ልጆች ናቸው፣ ይህን ቃል መሠረት፣ ያውም ከሆስፒታል ስትልከው ሁሉም ገብቷቸዋል፣ ሁሉም እያለቀሱ ነበር፤ አንድም ሰው አልጻፈም። የታደለች እናት ዶዮገና በሕይወት አሉ። እሳቸው እስኪነገራቸው ነው።

የመሠረት ስልክ ጮኸ። ብድግ አለች።

«ተነገራቸው?… ማን ማን ነበር?… አጠገባቸው ሰው አለ? ይዟቸዋል?… እሺ። ጌታ ያጽናቸው።»

ስልኩን ዘግታ አንዲት ነገር ተጫነች። ወዲያው የእኔ ስልክ ድምፅ ሰጠ። ታደለች በግድ የጫነችልኝ፣ እኔ ከፍቼው የማላውቀው ሪደር ነው። ከፈትኩት። ያ ሁሉ ዓመት ፈዞ የኖረው ስም ደምቋል።

የመጀመሪያዋን መስመር አየኋት። «ቲቸር፣ ጻፍኩ» ትላለች። ከዚያ በኋላ ያለው እንባ ሆነብኝ። ስልኩን ዘረጋሁላት።

«አልችልም። አንቺ አንብቢልኝ» አልኳት።

ስልኩን ተቀበለችኝ። ከዚያ መሠረት ነጠላዋን ከግንባሯ ላይ መለስ አደረገች፣ ድሮ ክፍል ውስጥ ታደርገው እንደነበረው ቀጥ ብላ ቆማ ድምፅዋን አውጥታ አነበበችው፤ ሳታቆም፣ እስከ መጨረሻው።